እማዬ የማትተነፍስበት ፊልም

— ሄሎ... አዎ፣ እኔ ነኝ። እየሰማሁህ ነው፣ ወንድሜ።

— ፊልሙን አየነው። አሁን ጨረስን። እማዬም እዚሁ አጠገቤ ናት።

— እንዴት ነው ትላለህ ደግሞ? ቀፈፈኝ! ... ኧረ ስዕሉስ እጅህ ይባረክ፣ ቁርጥ እሷን ነው የሳልካት። ተረቱን የምታወራበትን ድምጿን ምን አድርገኸው ነው?

— አሳጠርኩት ነው የምትለኝ? ... ቆይ፣ ቆይ። አፏ ቀድሞ እየተዘጋ ድምጿ ወደ ኋላ ቀረብህ?

— በስንት ነው የሳልከው? ... በሰከንድ ሃያ አራት ስዕል። እሺ። ቪዲዮ ማቀናበሪያው ላይ ስትከፍተውስ? ... አላየሁም ትለኛለህ? ካልነገርከው በሠላሳ ነዋ የሚከፍተው! ስዕሉ ይሮጣላ! አንዲት ቁጥር ነበር የምትቀይረው፣ አንተ ሰውዬ! ማቀናበሩ የኔ ሥራ ነው፣ ከሆስፒታል ይዣት እስክመለስ ጠብቀኝ አላልኩህም? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

— እማዬ፣ ተቀመጪ፣ ምንም አይደለም... ስለ ሥራ ነው የምናወራው።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ምኑን ነው የቆረጥከው? ... ባዶ ባዶውን? የቱ ነው ባዶው? ቀበሮው በሩን ሲያንኳኳ ጸጥ የምትለው? ትንፋሿ? ያቺ ሳቋ? ... ቱ! በል አታስረዳኝ። ተረቱን እኮ ሰው እንደሚያባርራት ነው የምታንበለብለው!

— ዋናውን ላክልኝ። ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ከመሆኗ በፊት የቀዳነውን ድምጽ። ... ላክልኝ አልኩህ እኮ፣ ምን ያንተባትብሃል?

— እዚያው ዋናው ላይ ደርበህ ነው ሴቭ ያደረግከው? ... ሌላ ቅጂ የለም? ... የትም?

— አለሁ። የት እሄዳለሁ? ድምጿ ላይመለስ ሄዶ፣ ለልጅ ልጆቿ የቀረችውን ያቺኑ ቅጂ... አስጠላኸኝ። እውነቴን ነው፣ ዛሬስ አስጠላኸኝ።

— አትማልብኝ! ... ምን፣ እማዬ? ስልኩን? ... ምን ያደርግልሻል? ... እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ።

— ስማ፣ ስልኩን ስጪኝ እያለች ነው። ... እኔ ምን አውቄ! እሷ መናገር አትችል፣ አንተ ተናገር። ለኔ ያልከውን ለሷም በላት። ይኸው።

— ... ምን እያለሽ ነው፣ እማዬ? ... እያለቀሰ ነው እንዴ?

— እማዬ! እያወራ እኮ ነው... ጆሮው ላይ ዘጋሽበት?