ጭድ ውስጥ የተኛ ማንጎ

ወይዘሮ መሪማ መርሳ ላይ ሚኒባስ ሲሳፈሩ አጠገባቸው የተቀመጠችው የጎረቤታቸው ልጅ ነርሷ ነሲባ ሆነች። ጭናቸው ላይ ጭድ የተጎዘጎዘበት የማንጎ ካርቶን አለ። ጠዋት ያዘጋጀችላቸው የልጃቸው ሚስት ናጅዋ ናት፤ ለማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ። ወዴት ነው?»

«ወዐለይኩም ሰላም። በወልድያ አድርጌ ሐራ፣ የናጅዋ አባት ሙሐመድዘይን ዘንድ። ልጅዎን መልሰው ይውሰዱ ልላቸው ነው። አራት ዓመት ሙሉ አልወለደችም።»

«ልጅዎ ጀብሪልስ ተመርምሯል?»

«እሱ ምን ሆኖ? ወንድ አይደል? ዘር አይጎድለውም።»

ነሲባ ካርቶኑን ነካ አደረገችው። «ይሄ ከዛፍ ወርዶ የለም? ጭድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ደርሷል እንጂ አልበሰለማ።»

«የወንድ ዘርም እንዲሁ ነው። ከዘር ፍሬው ሲወጣ መልኩ የሞላ ነው፤ ግን መዋኘት አይችልም። ከፍሬው ጀርባ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቢዘረጋ ከዚህ ሚኒባስ ይረዝማል። ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ቱቦው በፈሳሹ ያበስለዋል። ከበሰለ በኋላ ጫፉ ላይ ተጠራቅሞ ይቆያል። ሲወጣ ደግሞ ሌሎች እጢዎች ስንቁን ይጨምሩለታል።»

«እንደ ጭዱ ሙቀት ይፈልጋል?»

«እዚህ ላይ ከማንጎው ይለያል። ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚስማማው፤ አላህ ፍሬውን ከሆድ ውጭ ያንጠለጠለው ለዚያ ነው።»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝግ በይ፣ ነውር ነው» አሉ መሪማ።

«ነውሩስ ሳያውቁ መፍረድ ነው። ያልበሰለ ማንጎ ሸጠው ገዢዋ ጎመዘዘኝ ብትል የእሷን ምላስ ይከሳሉ?»

መሪማ ሳቅ አሉ። ሰው የደበቀው ነገር ሳይጠራ ይመጣል፤ እሳቸውም ላይ መጣባቸው።

«ያ ቱቦ ያብጣል?»

«ጀርም ሲገባበት ያብጣል። ካልታከመ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።»

«ጀብሪል ካቻምና አብጦበት ሦስት ሳምንት ተኛ። ጤና ጣቢያ ልሂድ ሲለኝ ሚስትህ ትሰማለች ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አብሽሩ እማማ፣ አይጨነቁ። ጥፋቱ የእሱ ነው አላልኩም፤ ሁለቱም ይመርመሩ። ሕክምና ቢጀምር እንኳ አዲስ ዘር ተፈጥሮ እስኪበስል ሦስት ወር ያህል ይፈጃል።»

ወልድያ ሲደርሱ ረዳቱ «ሐራ፣ ሐራ» እያለ ይጠራል። መሪማ አልተሳፈሩም። በጎልማሶች ትምህርት በለመዱት ንባብ ስልካቸው ላይ የልጃቸውን ስም ፊደል በፊደል ፈልገው ደወሉ።

«ጀብሪል፣ ነገ ከናጅዋ ጋር ወልድያ ሐኪም ቤት ትመጣላችሁ። ቀድመህ የምትመረመረው አንተ ነህ። የካቻምናውንም ተናገር፤ ያስደበቅሁህ እኔ ነኝ፣ እኔው ፈታሁህ።»

አንዲት ሴት ባላወቀችው ጥፋት ከቤቷ ሳትወጣ ቀረች፤ አንድ ሰውም ሕመሙን የሚናገርበት አፍ አገኘ። ባልና ሚስት አብረው ቢመረመሩ በሽታው በጊዜ ይታወቃል፣ የማይድን እንኳ ቢሆን እውነቱን ሁለቱም ይዘው ይመካከራሉ። ከፍቺ ሽማግሌ በፊት ሐኪም የሚቀድመው ስለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ መርሳ ቤታቸው ሲመለሱ ካርቶኑን የተቀበለቻቸው ናጅዋ ነበረች።

«ምነው መለሱት፣ እማ?»

«አልበሰለም ልጄ» አሉ መሪማ፤ «አብረን እንጠብቀው።»