ስብሰባ ጥለው የሚወጡት ሰው

እንደምን አደሩ፣ እትዬ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔማ ደህና ነኝ፣ ተመስገን... ልጅቷም ደህና ናት፤ ያው ሽፍታዋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዳታክክ እጇን ይዤ ነው የማድረው። ሐኪሟ «በየቀኑ በንጹሕ ውሃ እጠቢያት» አለችኝ፤ እኔም «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላት? ቧንቧችን ከደረቀ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀኑ ነው ልበላት?

ኧረ ጀሪካኑን ያስቀምጡት፣ እኔ ፎቅ ድረስ አወጣልዎታለሁ። ብቻ ጋሼ መኪናቸውን አጥበው ይጨርሱ፤ ግቢው ረጥቧል፣ እንዳያዳልጥዎ። ሲያምር ግን! ጎማው ሳይቀር በቱቦ ውሃ... እኔ እኮ ልጄን እንደዚያ አላጥባትም።

አይ፣ ስለ ማንም አላወራሁም! ስለ ንጽሕና ነው የማወራው።

ይገርምዎታል፣ ትናንት እዚያ ውሃና መብራት ሰጪዎቹን ይቆጣጠራል የተባለው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ያቺን ስለ ቧንቧው ሁላችን የፈረምንባትን አቤቱታ ልጠይቅ። እዚያ ቤት አንድ ሰው አሉ፤ የፋይናንስና የመልካም አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። ጸሐፊዋ አመስግና አትጠግብም። «እንደሳቸው ያለ ደንብ አክባሪ የለም! የእናንተ ሕንፃ ጉዳይ ሲነሣ፣ እኔም እዚያው ነዋሪ ስለሆንኩ የጥቅም ግጭት አለብኝ ይሉና ከስብሰባው ይወጣሉ» አለችኝ።

እዚህ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ፣ እትዬ? እኔ መቼ አውቄ...

አቤቱታ የሚያየው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው። እሳቸው ሲወጡ ሁለት ይቀራል፤ ሁለት ሰው መወሰን አይችልም፤ ይበተናሉ። ማክሰኞ ይሰበሰባሉ፣ እሳቸው ይወጣሉ፣ ይበተናሉ። አራት ማክሰኞ! «ታዲያ ምትክ አይመደብም?» አልኳት። «የሚመድቡት እሳቸው ናቸው፤ ግን እሱም ያው የጥቅም ግጭት ነው ብለው ተዉት» አለችኝ። እንዲህ ነው እንጂ ጥንቃቄ!

መቼም ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል እንዳላለፈ ያውቃሉ። ቃለ ጉባኤውን ስታሳየኝ ያቺን «የጥቅም ግጭት» የምትለዋን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። ከዚያ ግን ግራ ገባኝ... የምን ጥቅም? ጣሪያ ላይ ሁለት ታንከር የሰቀለ ሰው፣ በየሳምንቱ ቦቴ መጥቶ የሚሞላለት ሰው፣ ቧንቧው መጣ አልመጣ ምን ቸገረው?

እኔማ ማክሰኞ ልጄን አዝዬ ሄጄ እመሰክርላቸዋለሁ። «ጌቶቼ፣ እኚህን ሰው በከንቱ አታስወጧቸው! ከእኛ ችግር አንዲት ጠብታ አትነካቸውም፤ ይቀመጡ!» እላለሁ። ጀሪካን ተሸክመው አይቼ ከሆነ እግዜር ይፍረድብኝ።

ውይ... ውሃው ተዘጋ? ምነው፣ ገና የኋላ መስታወቱ ይቀራል እኮ። ሰው ሰማን እንዴ? ደህና አደሩ፣ ጋሼ! መኪናዋ አምሮባታል!

ገቡ። ጥለውን። ሥራ አለባቸው መሰለኝ... ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?

ብቻ እኔ ሰው ስመርቅ አልሰስትም፣ እትዬ። እኚያን የመሥሪያ ቤቱን ሰው እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸው አይጉደል። አያድርገውና አንድ ቀን ጨንቋቸው የሰው ደጅ የቆሙ እንደሆነ ደግሞ... ልክ እንደራሳቸው ያለ ደንብ አክባሪ ሰው ወንበሩ ላይ ይጠብቃቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ... ጮክ ብለው።