አንበጣው ወንዙን ሲሻገር
ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር በሚመጣው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጠው ነበር።

«አያ፣ ጤፉ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አለች ሴቲቱ።

«አንበጣ ጨረሰው፣ ልጄ።»

«ምነው፣ አላባረራችሁትም?»

«መጀመሪያ ያረፈው ከወንዙ ማዶ ነው። የእኛ ሰዎች ‹እነሱ ወገኖቻችን አይደሉም፤ የራሳቸው ጉዳይ› አሉ። በማግሥቱ ወደ እኛ ተሻገረ።»

«ማዶዎቹስ?»

«እነሱም በተራቸው ቆመው አዩን።»

«ዱሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ ተይኝ! ዱሮማ አንበጣ መጣ ሲባል የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና የማዶው ሼኽ ድቤ አንድ ላይ ይመታል። ቅማንት ነው፣ አማራ ነው የሚል የለም፤ ሁሉም ቆርቆሮውን እየደበደበ ይወጣል። ስንመለስ የሼኹ ሚስት ለሁላችንም እርጎ ታቀርባለች። እንዴት ያለ ሸጋ ጊዜ ነበር!»

«ሼኹ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ አርጅተዋል። ዘንድሮም ወንዙን ተሻግረው የመጡልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ግን የሁለት ሽማግሌ ጩኸት አንበጣ ያስነሳል?»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ድምፃችን ሲዘጋ ጊዜ ከማሳው ዳር ተቀምጠን፣ የዱሮውን እያነሳን ስናወራ ዋልን።»

መውረጃዬ ሲደርስ ጨዋታቸውን ላለማቋረጥ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።