ሦስት ምስክር ያጡት ወይዘሮ ሸዋረጋ እንየው

በዚህ ድንኳን ሥር ከተቀመጣችሁት ጎረቤቶች መካከል፣ በ1997 ዓ.ም. ሟች በዚህ ሰፈር ለመኖራቸው መስክሩ ተብላችሁ ፊታችሁን ያዞራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከቄስ እንየው ሞላልኝ እና ከወይዘሮ ቀለሟ ጸጋው በ1958 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያ ተወለዱ። ደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ወርደው በአንድ የፈትል ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመትም በፈረቃ ሠሩ። አቶ ኪዳኑን አግብተው ሰላም የተባለች ልጅ ቢወልዱም፣ ልጅቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ባላቸው ስላረፉ ብቻቸውን አሳደጓት።

በ1997ቱ የምርጫ ዓመት ለመራጭነት ሊመዘገቡ ቢሄዱ የቀበሌ መታወቂያ ተጠየቁ። ቀበሌው ለመታወቂያው ከትውልድ ቦታቸው መሸኛ አምጡ አላቸው፤ የትውልድ ቦታቸው ደግሞ አግብታ የወጣች ሴት መዝገባችን ላይ የለችም ብሎ መለሳቸው። የቀረው መንገድ ስድስት ወር በሰፈሩ መኖራቸውን የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች ማቅረብ ነበር። እርሳቸው በተከራዩበት ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ያልደረሱበት ለቅሶ፣ ያልጠየቁት ወላድ አልነበረም። ወይዘሮ አሚና፣ «ወላሂ፣ ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሳሏን እንኳ እሰማለሁ» ብለው መሰከሩ። አከራያቸው አቶ ጋሹ ግን ቤት ማከራየታቸው ግብር እንዳያመጣባቸው፣ «እኔ ተከራይ የለኝም» አሉ። የቀራችሁትም ከአቶ ጋሹ ላለመቀያየም አልመሰከራችሁም፤ እርሳቸውም ያለ ምርጫ ካርድ ቀሩ።

በእርሳቸው ፈረቃ ከነበሩት ስልሳ ሁለት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ተከራዮች ናቸውና፣ ካርድ ያገኙት ዘጠኙ ብቻ ሲሆኑ፣ አከራዮቻቸው ግን ከነጎረምሳ ልጆቻቸው ተመዝግበው ነበር። ቀበሌው ይህንን ጉድለት በሪፖርቱ «የሴት ሠራተኞች የግንዛቤ ማነስ» ብሎ ጻፈው። ግንዛቤ አነሳቸው የተባሉት እኒህ ሴት፣ ጋዜጣ እየገዙ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቻቸው የሚያነቡ፣ የተወዳዳሪዎቹን ስም ከነምልክታቸው በቃላቸው የያዙ የቄስ ልጅ ናቸው።

ከአምስት ዓመት በኋላ የመራጭ ቁጥር ሲፈለግ፣ ያው ቀበሌ ያለ መሸኛና ያለ ምስክር ካርዱን ቤታቸው ድረስ አመጣላቸው። በምርጫው ዕለት ሊቀሰቅሷቸው የመጡትን፣ «ያኔ ያልነበርኩ ሰው ዛሬ ከየት መጣሁ?» ብለው በራቸውን ዘግተው ዋሉ።

የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ሁለት ዓመት ከታመሙ በኋላ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ለሞታቸው ማስረጃ የሰፈር ምስክር ሲጠየቅ አሥራ አራት ሰው ተሰልፎ ነዋሪያችን ነበሩ ብሎ ፈረመ፤ ፊተኛው ፈራሚ አቶ ጋሹ ነበሩ።

ልጃቸውን ሰላምን፣ አንዲት የልጅ ልጅና ከሠላሳ ዓመት መለያየት በኋላ ለቀብር የደረሱትን ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ ስመኝን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መሸኛ በማይጠየቅበት ደጅ ይቀበልልን። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ወይዘሮ ስመኝ ግን ማንንም ይቅር አይሉም።