ይሉኝታ የማታውቀው ሳተላይት

ሐጂ ሀይረዲን አቃቂ ገበያ በርበሬ ሲነግዱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቃላቸው የታመነ፣ ግን አንዴ ጠላሁ ካሉ የማይመለሱ ሰው ናቸው። ሰሞኑን የጠሉት ሳተላይት ነው። ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ኢሽራቅ አገራችን ያመጠቀቻት ሳተላይት የምትልከውን ምስል እንድታነብ እንጦጦ ላይ ተቀጥራለች። እርሳቸው ደግሞ እስከ ሰኞ ሥራውን ትተሽ ሱቁን ካልተረከብሽ ብለው ተኮራርፈዋል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ባዶ የተገኘችው አንዲት ወንበር ከኢሽራቅ ጎን ሆነች። ኩርፊያ ቢኖርም መቀመጥ ግድ ነበር።

"ለመሆኑ ድሃ አገር ሰማይ ላይ ምን አላት?" አሉ ሐጂ።

"መሬቱን ለማየት ነው እኮ የወጣችው፣ አጎቴ።"

"ዝናብ ታዘንባለች?"

"አታዘንብም። የት እንደቀረ ግን ትናገራለች።"

"ለእሱማ ስልክ አለኝ" አሉ ሐጂ። እውነታቸውን ነው፤ ሁልጊዜ ከጁምዓ በኋላ ስልጤ ላሉት ታላቅ እህታቸው ለሰዓደት ይደውላሉ። ዛሬም ደውለው፣ ሰዓደት እንደ ወትሮው አልሐምዱሊላህ፣ አገሩ ጥጋብ ነው ብለዋቸዋል።

ኢሽራቅ እንዴት እንደምትነግራቸው ጨንቋት ሳምንቱን ሙሉ የያዘቻቸውን ሁለት ምስሎች ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱ የአምና ግንቦት ነው፣ ለምለም፤ ሁለተኛው የዘንድሮ ግንቦት፣ ጭው ያለ ቡናማ።

"የእህቴ ቤት የቱ ነው?"

"ቤት አይለይም፣ ዓይኗ እዚያ ድረስ አይደርስም። ለምለሙን ከደረቁ ግን ትለያለች። ይኸው ወንዙ።"

ሐጂ በልጅነታቸው የዋኙበትን የወንዙን ጥምዝ አወቁት። ከጥምዙ ወዲያ ያለው የአባታቸው ማሳ ነው።

"ሰዓደት አትዋሽም" አሉ ቀስ ብለው።

"አልዋሹም፤ እንዳይጨነቁ ብለው ነው። እኛ ቤት በስልክ ክፉ ወሬ አይወራም። እርስዎስ አምና ሆስፒታል ተኝተው ሲደወልልዎት ገበያ ነኝ አላሉም?"

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው እንደገና ደወሉ።

"እትዬ፣ ማሳውን አይቼዋለሁ" አሉ በስልጥኛ።

ሰዓደት በልጉ መቅረቱን፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ሁለት ወር ማለፉን፣ ጎረቤቱም እንደዚያው መሆኑን ተናገሩ። "አንተን ማስጨነቅ ጠልቼ ነው" አሉ በመጨረሻ። ሐጂ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ይሉኝታችን የሚያኮራ ጠባይ ነው፤ ሰውን ላለማስጨነቅ ሲል ራሱን የሚያስርብ ሕዝብ መቼም አይናቅም። ዳሩ ግን ችግሩ ካልተነገረ እህሉ በጊዜ አይደርስም። ሳተላይቷ ይሉኝታ የላትም፤ የደረቀውን ደረቀ ትላለች። ያን የሚያነብላት የተማረ ልጅ ካለ፣ ወረዳውም ዘመድም ሰው ሳይጎዳ ይደርሳል።

ቱሉ ዲምቱ ሲደርሱ ሐጂ ወደ ቤት አልሄዱም። በቆሎ ለማስጫን ወደ አቃቂ የሚመለስ ታክሲ ፈለጉ።

"የሰኞውስ ነገር?" አለች ኢሽራቅ ፈራ ተባ እያለች።

"ሰኞ ሥራሽን ግቢ። እኔ ነገ አገር ቤት እወርዳለሁ።" አንድ እግራቸውን ታክሲው ላይ አድርገው ዞሩ። "ከዚያ ደውዬ አገሩ ደህና ነው ካልኩሽ ደግሞ እኔን አትመኚ፣ ምስሉን እዪ።"