«ግፋ» ብዬ ያቆምኩት ልጅ

እኛ ጉልበታችን ከማለቁ በፊት፣ ሱዳን፣ ማዮ ሰፈር የኳስ አሰልጣኝ ለመሆን እንዳሁኑ ወረቀት አይጠየቅም፣ ድምፅ ያለው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። እኔ ደግሞ ከድምፅ በቀር ምን አለኝ? ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ጥዬ፣ ጀብራ ሰፈር ግንባታ ላይ ጡብ ስሸከም እውልና ስመለስ ኳስ ሜዳው ዳር ቁጭ እላለሁ፣ ለማረፍ እኮ ነው። ታዲያ ልጆቹ ሲሳሳቱ አያስችለኝም፣ እጮሃለሁ። እየቆየ «ኡስታዝ፣ ማን ይግባ?» ይሉኝ ጀመር። ኡስታዝ፣ መምህር ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ እና ተነስቼ ቆምኩ።

የልጆቹ እናቶች የኛው ሐበሾች ናቸው፣ አባቶቻቸው ሱዳኖች፣ የልጆቹ አማርኛ «ና ብላ» እና «ዝም በል» ላይ ያበቃል። ታዲያ በመጀመሪያው ግጥሚያ ኢድሪስ የሚባለው ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም አልፎ ከበረኛው ጋር ብቻውን ቀረ፣ እኔ ደም ስሬ ተገትሮ «ግፋ፣ ግፋ» ስል፣ ቀጥ አለ በሉኛ። ኳሷን ነጠቁት፣ ሄደው እኛው ላይ አገቡ።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ቆምክ?»

«ኡስታዝ፣ አጊፉ አላልክም?»

አያችሁ፣ እኔ በአማርኛ ወደፊት ግፋ እላለሁ፣ እሱ በዐረብኛ «አጊፉ»፣ ቁሙ ብሎ ይሰማል። «ጎል አፍ ላይ ቁም የሚል አሰልጣኝ አለ?» ስለው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኡስታዙ አንተ» አይለኝም።

እናቱ እትዬ ዘሃራ፣ የወሎ ሰው፣ ሰው ቤት ሠርታ ነው የምታሳድገው፣ መጣችብኝ። «ስማ አንተ፣ ልጄን ሜዳ መሀል እንደ ግንድ የምትገትረው ከሆነ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሄዶ ውሃ ይሽጥልኝ። የጁምዓውን ግጥሚያ ከተሸነፋችሁ እወስደዋለሁ» አለች። እሷ ልጇን ካወጣች ደግሞ እናቶቹ ሁሉ ያወጣሉ፣ እና ቡድን የለም፣ እኔም ጡብ ተሸካሚ ብቻ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ታዲያ ሌላ ቃል መፈለግ እየቻልኩ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ልጆቹን ሰብስቤ፣ «ግፋ ስል እናንተ ሩጡ፣ ሌላው ቡድን ምን ብሎ እንደሚሰማ አያገባችሁም» አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ ሳቁ።

ጁምዓ ከጀብራ ልጆች ጋር እኩል ሆነን ሊያልቅ ሲል ኢድሪስ ኳስ አገኘ። «ግፋ» አልኩ ሳንባዬ እስኪወጣ። የጀብራ ተከላካዮች ቀጥ። አንዱማ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዳኛውን ያያል። የኔው ልጅ ሄዶ አገባ።

አሰልጣኛቸው እየሮጠ ዳኛው ዘንድ መጣ፣ «ያ ሐከም፣ ይሄ ሐበሻ አጊፉ ብሎ ልጆቼን አቆመብኝ።»

ዳኛው ወደኔ ዞረ፣ «ብለሃል?»

«ወላሂ አላልኩም። ግፋ ነው ያልኩት፣ የኛ ቋንቋ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

ልናገር ስል አሰልጣኙ፣ «እሱማ ይዋሻል፣ ሌላ ሐበሻ ይጠየቅ» አለ። ዳር የቆመችው ደግሞ ማን ናት፣ እትዬ ዘሃራ። አለቀልኝ አልኩ።

ረጋ ብላ ሜዳው ውስጥ ገባች። «ያ ሐጃ፣ ግፋ ምንድን ነው?» አላት ዳኛው። ዐረብኛው ጠፍቷት ይሁን ሳትፈልግ፣ እንጃ፣ የለበሰችውን ቶብ አስተካከለችና አሰልጣኙን በሁለት እጇ ደረቱ ላይ ገፋ ስታደርገው አቧራው ላይ ዘፍ አለ። «ይኸው፣ ግፋ ማለት ይሄ ነው» አለች። ዳኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጎሉን አጸደቀ።

ወደ ቤት ስንሄድ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «እትዬ፣ ታዲያ ልጁን ትወስጂዋለሽ?» አልኳት።

«ልጁማ ይቆይ። አንተ ግን ሌባ ነህ» አለችኝ።

መስደቧ ነው ወይስ መሾሟ፣ እስከዛሬ አላወቅኩትም። እናንተ እንዲህ ስትስቁ ግን ሹመት ይመስለኛል።