ያልተለቀመ ጭራሮ

የጥብቁ ደን ዘበኛ የበሩ ቁልፍ ከኪሳቸው ስለማይወጣ የመንደሩ ሰው «ጋሼ ቁልፍ» ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ስሙን ይወዱታል። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጭራሮ ለቃሚን ሸክሟን አስወርደው ባዶ እጇን ከሸኙ በኋላ ዘወር ሲሉ፣ ደኑ ውስጥ ካለው ቤታቸው ጀርባ አንዲት ወጣት ተንበርክካ የረገፈው ቅጠል ውስጥ ማስመሪያ ስትሰካ አዩ። ዱላቸውን ይዘው ገሰገሱ። ቀና ስትል ለካ በደን መሥሪያ ቤቱ ካርታ ክፍል የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ደግሞ ቅጠል መለካት ተጀመረ?»

«አዎ አጎቴ። እሳት ቢነሳ የት እንደሚበረታ የሚያሳይ ካርታ እየሠራን ነው።»

«እሳት የት እንደሚነሳ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው።»

«የት እንደሚነሳማ እኔም አላውቅም። ተነሥቶ ምን እንደሚያገኝ ግን አይቶ ማወቅ ይቻላል።»

ካርታውን በረንዳው ላይ ዘረጋችላቸው። ቀዩ አደገኛ፣ አረንጓዴው የተሻለ ነው አለቻቸው። ጋሼ ቁልፍ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ሳቁ።

«ተሳስተሻል ልጄ። አምና የነደደው ኮረብታ አረንጓዴ ሆኖ፣ እኔ አንዲት እንጨት ያላስወጣሁበት ጓሮዬ ቀላ?»

«ኮረብታው የሚነደውን ነድዶ ጨርሷል፤ የቀረው ድንጋይ ነው። እዚህ ግን እርስዎ ከተቀጠሩ ጀምሮ የወደቀው ሁሉ እንደወደቀ ነው። እስቲ ዱላዎን ይስደዱት።»

ሰደዱት። ዱላው ደረቁን ቅጠልና ጭራሮ እየሰበረ እስከ ወገቡ ገባ። ጋሼ ቁልፍ ዱላቸውን ነቅለው አራገፉት። ሰው የሚኮራበት ነገር ሲነካበት ጆሮው ቶሎ አይከፈትም፤ ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም።

«ታዲያ ደን ልጠብቅ ተቀጥሬ በሩን ለመጥረቢያ ልክፈት?»

«መጥረቢያ አላልኩም። የቆመ ዛፍ አይነካ፤ የወደቀው ይለቀም። በቤቱና በደኑ መካከል ደግሞ አፈሩ እስኪታይ ይጠረግ። እሳት የሚበላው ሲያጣ ይደክማል፤ ሰውም ይደርስበታል።»

«ዛሬ ጭራሮ ያለች ነገ ግንድ ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«ስለዚህ በሩ ላይ ቆመው ሸክሙን ይፈትሹ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት ነው?»

«ከሸለቆው ወደ ቤቴ። ይህን ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም።»

«ያን ጊዜ እሳት ከሸለቆው ቢመጣ እትዬን በየት ያወጧቸዋል?»

ጋሼ ቁልፍ እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። መንገዱ ግራና ቀኙ ጭራሮ ነው። ሚስታቸውም ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ በረንዳ የሚደርሱት ግድግዳ ይዘው ነው።

«መልስላት እንጂ አንተ ሰው» አሉ ሚስታቸው ከውስጥ። «በየበጋው ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ከጭራሮው ጋር አብረህ ቆለፍክብኝ እኮ።»

ጋሼ ቁልፍ ፈሩም፣ አፈሩም። የጠበቁት ሁሉ ከመኝታቸው ጀርባ ተከምሮ ሚስታቸውን ሲጠብቅ ኖሯል። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ጭራሮ ለቃሚዋ ገና ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ነይ ግቢ። ከጓሮዬ ጀምሪ፤ የቆመ ብቻ እንዳትነኪ።»

«ነገ ሐሳብዎን ቢቀይሩስ?» አለች ሳታምናቸው።

«አልቀይርም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የመንደሩ ሰው ጭራሮውን ለቀመ፣ የቤቱም ዙሪያ አፈሩ እስኪታይ ተጠረገ። በበጋው መጨረሻ እሳት ከሸለቆው መጣ። ከተጠረገው አፈር ሲደርስ ነበልባሉ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ምድጃው ጭራሮ ያገኘ ሰው ለደኑም ይቆረቆራልና፣ መንደሩ አካፋውን ይዞ ወጣ። ሚስታቸው በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ጋሼ ቁልፍ በር ሊከፍቱ ኪሳቸውን ሲደባብሱ፣ ጭራሮ ለቃሚዋ ክፍት በነበረው በር ቀድማ ገብታ እሳቱ ላይ አፈር ትበትን ነበር።